ስፒን ኮተር ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተ ሙከራ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ፓምፑን እዩ

በፕሮፎርማ ላይ «ስፒን ኮተር፣ ባለ ሁለት ደረጃ፣ እስከ 8,000 ዙር በደቂቃ፣ ከቫኪዩም ፓምፕ ጋር» ተብሎ የሚቀርብ የጠረጴዛ ማሽን አለ። ከላይ ክዳን፣ ከፊት የፍጥነትና የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ ከኋላ የፓምፕ ቱቦ ነው ያለው። የመጀመሪያው ደረጃ ከ500 እስከ 2,500 ዙር፣ ሁለተኛው ከ1,000 እስከ 8,000 ዙር ይሄዳል። ሥራው አንድ ነው፦ መስታወት ላይ የተንጠባጠበን ፈሳሽ በማሽከርከር ዘርግቶ ስስ ፊልም ማስቀረት። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ 200 ናኖ ሜትር ፊልም ከእሱ 350 ጊዜ ይቀጥናል። የሶላር ሴል፣ የጋዝ ሴንሰር፣ የትራንዚስተርና የባትሪ ቁስ ጥናት ከዚህ ዓይነቱ ፊልም ይጀምራል።

ይህ ግምገማ የሚመዝነው ያንን ማሽንና አብሮት የሚታዘዘውን፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ኤፍ.ቲ.ኦ. መስታወት ነው። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ ማሽኑ ለማስተማሪያም ለጥናት መጀመሪያም ይበቃል፤ መግዛቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በካታሎጉ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው 8,000 የሚለው ቁጥር ለደሴ ሰው ምንም አይጠቅምም። አብዛኛው ሥራ በ2,000 እና በ4,000 ዙር መካከል ነው የሚያልቀው። ደሴ ላይ ማሽኑን የሚያሠራው ወይም የሚያስቆመው ፓምፑ ነው፤ ስለሱ ደግሞ ፕሮፎርማው ላይ አንድ መስመር እንኳ አይገኝም።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። መስታወቱን ቸኩ (መስታወቱ ተቀምጦበት የሚዞረው መያዣ) ላይ የሚይዘው ፓምፑ ሳይሆን ከላይ የሚጫነው አየር ነው፤ ፓምፑ ከስር ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው የሚችለው። የባሕር ወለል ላይ ያ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ወደ 75 ይወርዳል፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ወደ 81 ይመለሳል። ስለዚህ የፓምፑ ጌጅ ደሴ ላይ ከ0.075 ሜጋ ፓስካል በላይ ሊያነብ አይችልም፤ ፓምፑ የዓለም ምርጥ ቢሆንም አይችልም። ብዙ ማሽን ደግሞ ቫኪዩሙ የተወሰነ ልክ ካልደረሰ ሞተሩን የማያስነሳ መቆለፊያ አለው። ያ ልክ ፋብሪካ ላይ 0.08 ተብሎ ከተሞላ፣ ማሽኑ ደሴ ላይ በፍጹም አይዞርም። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የተሞላው ለሌላ አገር አየር ነው። ኮምቦልቻ ላይም በ0.001 ልዩነት ስለሆነ የሚያልፈው አይሠራም ማለት ይቻላል፤ ፓምፕ የመጨረሻዋን ጠብታ አየር አያወጣምና። ከመክፈል በፊት ለአቅራቢው የሚላከው ጥያቄ አንድ ነው፦ መቆለፊያው በስንት ላይ ነው፣ ከፍ ዝቅስ ይደረጋል? «ይስተካከላል» ካለ ወደ 0.05 አውርዱት።

ታዲያ የተቀነሰው ግፊት መስታወቱን ይይዘዋል ወይ? እናስላው። 2.5 በ2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ 2.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት 3.4 ግራም ገደማ ይመዝናል። የቸኩ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለውና ፓምፑ ከደሴ አየር 90 በመቶውን ካወጣ፣ መስታወቱ በ5.3 ኒውተን ይጨመቃል። በጎማው ሰበቃ ሲታሰብ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው 3 ኒውተን ያህል ብቻ ነው። መስታወቱን ከመሐል 2 ሚሊ ሜትር ብታዛንፉት፣ በ3,000 ዙር የሚገፋው ኃይል 0.7 ኒውተን ነው፤ ይይዘዋል። በ8,000 ዙር ግን 4.8 ኒውተን ይሆናል፤ መስታወቱ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ይሰበራል። 8,000 አይጠቅምም ያልነው አንድም ለዚህ ነው። ቸኩ ላይ በማርከር የመስታወቱን ማዕዘኖች ምልክት አድርጉበት፤ በየጊዜው በዓይን ግምት ከማስቀመጥ ያድናል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አደጋ አለ። ማሽኑ እየዞረ መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ወዲያው አይቆምም፤ በያዘው ፍጥነት ጥቂት ይሽከረከራል። ፓምፑ ግን ቆሟል፤ ቫኪዩሙ ይለቃል፤ መስታወቱ ይወነጨፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ በየሳምንቱ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። መፍትሔው ፓምፑንም ማሽኑንም በዩ.ፒ.ኤስ. ላይ ማድረግ ነው። የሁለቱን ዋት መለያው ላይ አንብባችሁ ደምሩና ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሚችል ምረጡ፤ ፓምፕ ሲነሳ ብዙ ይስባል። በተጨማሪ ቱቦው መሐል የማይመለስ ቫልቭ ግጠሙ። ክዳኑ ሳይዘጋ ማሽከርከር ደግሞ የተከለከለ ይሁን፤ ዓይን አይተካም።

ፓምፕ የማይፈልግ፣ መስታወቱ ልክ በተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥበት ቸክም ይሸጣል። ለደሴ ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ጉድጓዱ ለ25 ሚሊ ሜትር ከተቆፈረ 24 የሆነ መስታወት ይንቀጠቀጥበታል፣ 25.5 የሆነ አይገባበትም። ስለዚህ መስታወቱን በልኩ የተቆረጠ ሆኖ እዘዙ፤ ወይም ቸኩን በልካችሁ የሚያወጣ የቶርኖ ባለሙያ ፈልጉ።

የቫኪዩም ቸክ ከያዛችሁ በፓምፑና በማሽኑ መሐል ባዶ ጠርሙስ አስገቡ። ኦሪንጉ ስር የገባ ፈሳሽ በቱቦው ሄዶ ፓምፑ ውስጥ ይደርቃል፤ ከታች ለፊልሙ የምንጠቀምበት ዚንክ አሴቴት ሲደርቅ እንደ ጨው ይጋገራል፤ የፓምፑን ቫልቭ የሚያበላሸው ይሄው ነው። መስታወቱ የሚዞርበትን ጎድጓዳ ውስጥ ደግሞ የወጥ ቤት ፎይል አልብሱት፤ ሲቆሽሽ ይቀየራል።

ፍጥነቱን እንዴት እንመን? መቆጣጠሪያው 3,000 ስላለ 3,000 ነው ማለት አይደለም። የሌዘር ታኮሜትር ካለ ቸኩ ላይ አንጸባራቂ ወረቀት ለጥፎ መለካት ነው። ከሌለ በየቢሮው ጣሪያ ላይ ያለው ባላስት ያለው የድሮ ፍሎረሰንት ይበቃል። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ያ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። ቸኩ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አድርጉና ክፍሉን አጨልማችሁ በዚያ መብራት ብቻ እዩት። ፍጥነቱ በትክክል 3,000 ሲሆን፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር፣ ነጥቧ ትይዩ ሆና ሁለት ቦታ ላይ ቆማ ትታያለች። 6,000 ላይ አንድ ቦታ ብቻ ትቆማለች። ቀስ እያለች ከዞረች ፍጥነቱ ትንሽ አልፏል ወይም ጎድሏል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው በመስመር መብራት እንጂ በኢንቨርተር ወይም በጄኔሬተር ሲሆን አይደለም፤ የእነሱ ድግግሞሽ ከ50 ሊሸሽ ይችላል። ስህተቱ ትንሽ ከሆነ ግን አትጨነቁ፦ ውፍረት ከፍጥነት ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒ ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ 10 በመቶ ቢሳሳት ውፍረቱ የሚሳሳተው 5 በመቶ ገደማ ነው። ውፍረቱን በግማሽ ለመቀነስ ከፈለጋችሁ ፍጥነቱን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ከዚያ ይልቅ ፈሳሹን ማቅጠን ይቀላል።

አሁን ወደ መስታወቱ። ኤፍ.ቲ.ኦ. ጥቂት ፍሎሪን የተጨመረበት ቲን ኦክሳይድ የተቀባ መስታወት ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። በካሬ ከ7 እስከ 15 ኦም ያለው ለዚህ ሥራ ትክክለኛ ነው። አይ.ቲ.ኦ. (ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የተቀባ መስታወት) ላቅርብ የሚል ሻጭ ካለ እምቢ በሉ፤ አይ.ቲ.ኦ. አየር ላይ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፤ የእኛ ፊልም ደግሞ 450 ዲግሪ ይፈልጋል። ኤፍ.ቲ.ኦ. እስከ 500 ድረስ ይችላል። ከዚያ በላይ መስታወቱ ራሱ መለስለስ ይጀምራል።

ዕቃው ሲደርስ የሚያስተላልፈው ፊት የቱ እንደሆነ በመልቲሜትር ይለያል፤ አንዱ ፊት አስር ምናምን ኦም ያነባል፣ ሌላው ምንም አያነብም። ይህ ንባብ ግን «በካሬ» የሚባለው ኦም አይደለም፤ የጫፎቹ ንክኪ አብሮ ይደመርበታል። በትክክል ለመለካት ካሬ ቁራጭ ወስዳችሁ ሁለት ትይዩ ጠርዞቹን ከዳር እስከ ዳር በብር ቀለም ቀቡ፤ የመልቲሜትሩን ሁለት ሽቦ መጀመሪያ እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያነበውን ቀንሱ። የቀረው ከተባለው ኦም ብዙ ካልራቀ ዕቃው እውነተኛ ነው። ባለ አራት መርፌ መለኪያ ካላችሁ ቮልቱን በአምፔሩ አካፍላችሁ በ4.532 ማባዛት ነው፤ ይህ ቁጥር ግን የሚሠራው መስታወቱ ከመርፌዎቹ ርቀት ብዙ እጥፍ ሰፊ ሲሆን ነው።

ትልቁን ሉህ ገዝቶ ከተማ ውስጥ መስታወት ቤት ማስቆረጥ ይረክሳል፤ ይቻላልም። ሁለት ነገር ግን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የመቁረጫው ጎማ በማያስተላልፈው ፊት ላይ ይሂድ፤ የተቀባው ፊት ከስር ንጹሕ ወረቀት ይነጠፍለት። ሁለተኛው፦ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ መቁረጫውን ነጭ ጋዝ ያስነኩታል። ያ ጋዝ መስታወቱ ላይ ከቀረ ፈሳሹ አይጣበቅም፤ እንደ ቅባት ድስት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ እየተንከባለለ ይሰበሰባል። በደረቁ ይቁረጡላችሁ፤ ጥቂት ቢሰበርም ይሻላል።

ማጠቡ ላይ መቸኮል አይገባም። በሳሙናና በተጣራ ውሃ፣ በተጣራ ውሃ ብቻ፣ በአሴቶን፣ በመጨረሻ በአይሶፕሮፓኖል ወይም በንጹሕ ኢታኖል፣ እያንዳንዱ በአልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ገንዳ) ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከዚያ 450 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ማቃጠል የቀረውን ቅባት ያጠፋል። መጽዳቱ የሚታወቀው በአንድ ጠብታ ውሃ ነው፦ ውሃው ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፣ ኳስ ከሠራ እንደገና ይታጠብ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ለቁስል እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ 30 በመቶው ውሃ ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ደግሞ ግሊሰሪን አለበትና አይሞከር።

ማሽኑን ለመፈተን የሚመቸው ፊልም ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ አሠራሩም ይቅር ባይ ነው። ለ20 ሚሊ ሊትር 2.195 ግራም ዚንክ አሴቴት ዳይሃይድሬት በአይሶፕሮፓኖል ይጨመርና ዚንኩ እንዲሟሟ የሚረዳው ሞኖኢታኖላሚን 0.60 ሚሊ ሊትር ይገባበታል፤ ይህ ሁለቱን እኩል ሞል ያደርጋቸዋል፣ ፈሳሹም 0.5 ሞላር ይሆናል። ሞኖኢታኖላሚኑ ከመግባቱ በፊት ወተት የመሰለው ፈሳሽ፣ በ60 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ሲማሰል እንደ ውሃ ይጠራል። አልጠራ ካለ ወይ ዚንኩ እርጥበት ስቧል፣ ወይ ሞኖኢታኖላሚኑ ጎድሏል። ለ24 ሰዓት ተከድኖ ይደር፤ ከዚያ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ይለፍ። ብዙ የአሠራር መመሪያ 2-ሜቶክሲኢታኖልን ያዛል፤ ፊልሙ በእሱ ይበልጥ ያምራል፤ ነገር ግን ጽንስንና መራቢያን የሚጎዳ ፈሳሽ ስለሆነ የጭስ ማውጫ ሳጥን በሌለበት ክፍል አይከፈት።

መስታወቱ ላይ 150 ማይክሮ ሊትር ልክ መሐሉ ላይ አፍስሱ፤ 500 ዙር ለ5 ሰከንድ፣ ከዚያ 3,000 ዙር ለ30 ሰከንድ። ከዚያ ሆት ፕሌት ላይ 300 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ፤ አንድ ንብርብር ማለት ይህ ነው። ሦስትና አራት ጊዜ ተደጋግሞ በመጨረሻ ፈርነስ (የቤተ ሙከራ ምድጃ) ውስጥ 450 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ይቆያል።

ፊልሙ ራሱ ስህተቱን ይናገራል። መሐሉ ላይ ክብ ባዶ ቦታ ካለ ጠብታው መሐል አላረፈም። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ወደ ዳር የሚሮጥ ጅራት ካለ እዚያ ነጥብ ላይ አቧራ አለ፤ የደሴ የበጋ ነፋስ ባለበት ክፍል ይህ ዋነኛው ጠላት ነው። ማሽኑን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥና ከመጀመር በፊት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ በደረቅ መጥረግ ግን ያባብሰዋል። ማዕዘኖቹ ላይ የወፈረ ቀለም ሁልጊዜ ይኖራል፤ ካሬ መስታወት ላይ ማጥፋት አይቻልም፤ መሐሉን ብቻ ለኩ። ፊልሙ ነጭ ጉም ከለበሰ እርጥበት ነው፦ አልኮሉ ሲተን መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል፣ የክረምቱ እርጥብ አየር ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መስታወቱን አስቀድሞ 50 ዲግሪ ማሞቅና ሣጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል ማድረግ ይረዳል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ደግሞ ሌላ ነው፤ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ፊልሙም አብሮት ይወፍራል። የክፍሉን ሙቀት በየቀኑ መዝግቡ።

ከፍታው እዚህም አለ። የኢታኖል መፍሊያ ሙቀት ከ78 ዲግሪ ደሴ ላይ ወደ 71 ይወርዳል፤ ትነቱ ይፈጥናል። ማየርሆፈር የተባለ ተመራማሪ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ትነት ሲፈጥን የሚቀረው ፊልም ይወፍራል። ስለዚህ ከሌላ አገር የተወሰደ የአሠራር መመሪያ ደሴ ላይ ያንኑ ውፍረት አይሰጥም፤ ተከትሎ መሥራት ሳይሆን የራስን ሠንጠረዥ ማውጣት ያስፈልጋል። በሙቅ ውሃ ውስጥ ፊልም የምታሳድጉ ከሆነማ የባሰ ነው፦ «90 ዲግሪ ላይ አቆዩት» የሚለው ትእዛዝ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት ከተማ ለመፍላት አፋፍ ላይ ማለት ነው።

ውፍረቱን በሚዛን ማወቅ ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን በምን ሚዛን? 200 ናኖ ሜትር ዚንክ ኦክሳይድ በ6.25 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 0.7 ሚሊ ግራም ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን 0.01 ግራም ያነባል፤ ያ ማለት 10 ሚሊ ግራም፣ ከፊልሙ 14 እጥፍ ነው። 0.1 ሚሊ ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል፤ በእሱም ስህተቱ 14 በመቶ ነው። ገንዘቡ ለዚህ ማሽንና ለሚዛኑ በአንድ ላይ የማይበቃ ከሆነ፣ ከዚህ ያነሰ ማሽንና ጥሩ ሚዛን ግዙ።

ፈርነሱ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ በደቂቃ 5 ዲግሪ ካደገ ከ25 እስከ 450 ለመድረስ 85 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከቆይታው ጋር 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። በመሐል መብራት ከሄደ በሩን አትክፈቱ፤ ቀዝቃዛ አየር መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ይህ ማሽን የማይሆንለት ሥራም አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባትሪ ወይም ሱፐርካፓሲተር ልሥራ ብሎ ስፒን ኮተር መግዛት ተገቢ አይደለም። በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የጆን ቤትስ ቡድን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሊፖን የተባለውን ጠጣር ኤሌክትሮላይት ይዞ ሲመጣ ስስ ፊልም ባትሪ እውን ሆነ፤ ግን በስፓተሪንግ (በቫኪዩም ውስጥ ቁሱን በአዮን እየመቱ በማስቀመጥ) እንጂ በማሽከርከር አልነበረም፣ የሚይዘውም ጥቂት ነው። 1 ማይክሮን ውፍረት ያለው የሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ፊልም በካሬ ሳንቲ ሜትር 69 ማይክሮ አምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። የ4,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የስልክ ባትሪ ለመሙላት 5.8 ካሬ ሜትር ፊልም ያስፈልጋል፤ ይህ የአንድ ትንሽ ክፍል ምንጣፍ ነው። በስፒን ኮተር የሚሠራ ፊልም የቁሱን ጠባይ ለማጥናት ነው። ለማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ሱፐርካፓሲተር ኤሌክትሮድ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ተራ የቢሮ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሊጡን በመስታወት ዘንግ ጎትቱት፤ አንድ ንብርብር ፕላስተር 50 ማይክሮን ገደማ እርጥብ ውፍረት ይሰጣል፤ ማሽንም አይፈልግም።

የተረፈው ፈሳሽ ቧንቧ ውስጥ አይገባም። ዚንክም ሆነ፣ በተለይ ካድሚየም፣ ቦርከና ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው፤ ያ ወንዝ ከታች ከብት ያጠጣል። ስም የተጻፈበት ሰፊ አፍ ያለው ጀሪካን አዘጋጁ።

ፕሮፎርማው ላይ የሚጨመሩት መስመሮች እነዚህ ይሁኑ፦ ማሽኑ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፤ የቫኪዩም መቆለፊያው የሚስተካከል ወይም ከ0.06 ሜጋ ፓስካል በታች፤ ትርፍ ኦሪንግ ቢያንስ 10፤ ፓምፕ የማይፈልግ የ25 ሚሊ ሜትር ቸክ አንድ፤ መስታወቱ 2.2 ሚሊ ሜትር፣ በካሬ ከ15 ኦም ያልበለጠ። ርክክቡም አዲስ አበባ መጋዘን ላይ ሳይሆን ማሽኑ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ይደረግ። በዚያው ቀን ባዶ መስታወት ተጭኖ በ4,000 ዙር ለ60 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ይዙር፤ ሦስቱንም ሳይነቀል ካልቆመ የርክክብ ሰነዱ ላይ አትፈርሙ።